ሞተሩ ኢንሹራንስ አለው፤ ሞተረኛውስ?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ ላይ። ይህን ልዩነት በአብዛኛው የምንወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ክረምት ላይ ጠዋት ጭጋግ ሲጥል ከፊት የሚሄደው መኪና የኋላ መብራት እንኳ በግድ ነው የሚታየው። ከታች ተሳቢ ጭነቱን ይዞ እያቃሰተ ይወጣል። ከላይ ሚኒባስ እየከነፈ ይወርዳል። በመሀላቸው ሞተረኛው አለ። በዙሪያው በርም የለ፣ ቀበቶም የለ።

ታናሽ ወንድሜ በዚህ መንገድ ነው እንጀራውን የሚያበስለው። ቦክሰር የሚባለው ሞተር አለው። ከደሴ ፒያሳ መለዋወጫ፣ መድኃኒት፣ ሰነድ፣ አንዳንዴም ትኩስ ምግብ ይቀበልና ቧንቧ ውሃ፣ ሆጤ፣ ገራዶ ያደርሳል። ትእዛዝ ሲመጣ ኮምቦልቻም ይወርዳል። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ሞተሩን የገዛ ጊዜ ሊብሬውንም ደረሰኙንም በፌስታል ጠቅልሎ አመጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። "እታለም፣ ወረቀት ያንቺ ነው፤ ኢንሹራንሱን አንቺው ጨርሽልኝ" አለኝ። ያኔ ጠይቄ ያገኘሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። እዚህ አካባቢ ሞተር የሚነዳ ሁሉ፣ ሞተር የሚነዳ ልጅ ወይም ባል ያላት ሁሉ እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ሞተረኛውን "ኢንሹራንስ አለህ?" ብትሉት "አለኝ" ይላችኋል። አይዋሽም። ያለው ግን ሦስተኛ ወገን ነው። ሕጉ ያስገድዳል፤ ትራፊክ ሲያስቆም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ይገዛዋል። ሦስተኛ ወገን የሚከፍለው ደግሞ ለሌላው ሰው ነው። ወንድሜ እግረኛ ቢገጭ ለእግረኛው ይከፍላል። የሰው አጥር ቢያፈርስ ለአጥሩ ባለቤት ይከፍላል። ሞተሩን የያዘው ወንድሜ ግን እዚያ ውል ውስጥ የለም። የራሱ እግር ቢሰበር በራሱ ሦስተኛ ወገን ካሳ አያገኝም።

"ሌላ መኪና ቢገጨኝስ?" የሚል ይኖራል። ያኔ የገጨው መኪና ሦስተኛ ወገን ለሞተረኛው ይከፍላል። ለዚያውም ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ካለቀ በኋላ ነው። ገጭቶ ካመለጠ ወይም የገጨው መኪና ኢንሹራንስ ከሌለው፣ ለእንዲህ ያለ ተጎጂ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ይህን ፈንድ የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ለጎረቤት ንገሩ። ፈንዱ ዘንድ ለመሄድ የፖሊስ ሪፖርት ያስፈልጋልና አደጋው እንደደረሰ ለትራፊክ ማስመዝገብ ነው።

እኛ አካባቢ ሞተረኛ የሚወድቅባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ አስቧቸው። ዝናብ ያወረደው ጠጠር አለ። ጭጋግ አለ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ድንገት መንገድ የምታቋርጥ አህያ አለች። ማታ ከኋላ የሚያባርር ውሻ አለ። ዘይት የፈሰሰበት ጠመዝማዛ አለ። በእነዚህ ሁሉ የሚከሰስ መኪና የለም። ሰውየው ብቻውን ነው የወደቀው። ሦስተኛ ወገን ብቻ የያዘ ሰው ያን ቀን የሚያናግረው ኩባንያ የለውም።

ሦስተኛ ወገን ስለሚከፍለው ከፍተኛ መጠን፣ ስለ ጣሪያውም ልበል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአንድ ሰው ሞት ወይም አካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። እንዲህ ያለ ጣሪያ በየጊዜው ይሻሻላልና ስትገዙ የዛሬውን ቁጥር ከውላችሁ ላይ አንብቡ። ምንም ያህል ቢሻሻል ጣሪያ ጣሪያ ነው። የደረሰው ጉዳት ከዚያ ካለፈ ቀሪውን የሚጠየቀው የሞተሩ ባለቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሞተሩን ለእህቱ ልጅ ያዋሰም ኃላፊ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው የሦስተኛ ወገኑን ጣሪያ ከግዴታው በላይ ከፍ ማስደረግ ይችላል። ኩባንያዎቹ ጭማሪ አስከፍለው ያደርጉታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን ጉዳይ ያየሁት ከደመወዝ በኩል ነው። እኛ ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ በሥራ ላይ ቢጎዳ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይደርስለታል። ሥራ መሥራት ባልቻለባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። ይህን ክፍያ በእጄ ሠርቼዋለሁ። ሰውየው ቤት ተኝቶ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አይቻለሁ።

ወንድሜ አሠሪ የለውም። ራሱ ነው አሠሪው። የወደቀ ቀን ገቢው ይቆማል። ስለዚህ ኢንሹራንስ ስመርጥለት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፦ ለፋብሪካው ሠራተኛ ሕጉ የሚያደርግለትን ያህል ለወንድሜም የሚያደርግለት ውል። ሞት ሁላችንም ላይ ያለ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከአደጋው ተርፎ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ የቤት ኪራይ ቀን ሲመጣ ጣራ ጣራ የሚያይባቸው ወራት ናቸው።

በመጀመሪያ ያቀረቡልኝ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚሉትን ሙሉ ኢንሹራንስ ነው። ሞተሩ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል፣ ቢጋጭ ይከፍላል። ጥሩ ነገር ነው፤ በተለይ በብድር ለገዛ። አበዳሪ ተቋም ብዙ ጊዜ ያስገድዳል፤ ሞተሩ ቢጠፋ ክፍያው በቅድሚያ ወደ አበዳሪው እንዲሄድም ውሉ ላይ ያጽፋል። ይህ ሁሉ ግን ስለ ብረቱ ነው። "ሙሉ" ተብሎ የተጠራው ለሞተሩ ነው፤ የነጂው አካል በተጨማሪ ካልተጻፈ በቀር እዚያም የለም። እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ ብሎ ተረጋግቶ የሚነዳ ሰው ካወቃችሁ ውሉን አውጣና የነጂው አካል ጉዳት የተጻፈበትን መስመር አሳየኝ በሉት።

የፈለግኩት የግል አደጋ መድን የሚባለው ነው። ሰውየውን ነው የሚሸፍነው። ወደቀም፣ ተገጨም፣ ጥፋቱ የሱ ሆነም አልሆነም፣ አደጋ ከሆነና ውሉ ውስጥ ካለ ይከፍላል። ሌላ ጥቅምም አለው። የሰው አካል ዋጋ ስለማይተመን፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የተስማሙበትን ገንዘብ የሚከፍለው ከሌላ ቦታ ካሳ አገኘህ አላገኘህ ሳይል ነው። የገጨው መኪና ኢንሹራንስ ቢከፍለውም የግል አደጋው ያንን አይቀንስበትም። የሕክምና ደረሰኝ መተካት ላይ ብቻ ነው ኩባንያው ሌላ ቦታ የተከፈለውን የሚያነሳው።

ታዲያ ደስ ብሎኝ አንዱን ኩባንያ ውል ናሙና ተቀበልኩና ምሳ ሰዓት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የፊተኛው ገጽ ያማረ ነው። ለሞት ይህን ያህል፣ ለዘላቂ አካል ጉዳት ይህን ያህል ይላል። ገለጥ አደረግኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፊደሉ ያንሳል፤ "የማይሸፈኑ" የሚል ርዕስ አለ። ከተራራ መውጣትና ከውድድር ጋር ተደርድሮ፣ በአንድ ነጠላ ሰረዝ ተለይቶ፣ ሞተር ሳይክል መንዳት ወይም ተፈናጦ መሄድ ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ለሞተረኛ የሚሸጡልኝ የአደጋ መድን ሞተር ላይ የደረሰን አደጋ አይሸፍንም። ይህ የአንድ ኩባንያ ክፋት አይደለም። ብዙ የግል አደጋ ፖሊሲዎች ይህ አንቀጽ አላቸው፤ ሞተር አደገኛ ነው ብለው ስለሚያስቡ ከመነሻው ያወጡታል። መልሶ ማስገባት ግን ይቻላል። ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም የመድን መግቢያ ክፍያ፣ ይከፈላል፤ ኩባንያውም "ሞተር ሳይክል ተካቷል" የሚል የማሻሻያ ወረቀት ከውሉ ጋር ያያይዛል። ያቺ አንዲት ወረቀት የሌለችበት የግል አደጋ መድን ለሞተረኛ ከንቱ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ቅርንጫፉ ውስጥ ያገኘኋቸው ሴትዮ ጨዋ ነበሩ። "የኔ እህት፣ ልጁ ሞተሩን ለምንድነው የሚጠቀምበት?" አሉኝ። ዕቃ ያደርሳል አልኩ። "እንግዲያው እንደዚያው እንጻፈው። የግል መጠቀሚያ ብለን ብንጽፍ ዛሬ ይቀንስልሻል፤ አደጋ የደረሰ ቀን ግን ሣጥን ታቅፎ ወድቆ ሲገኝ ምን ትያለሽ?" እውነታቸውን ነው። የንግድ ሕጉ መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር ያስገድዳል። አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። በዴሊቨሪ የሚሠራ ሰው "ለግል" ብሎ ያስሞላው ቅጽ አረቦን ሲከፍል ብቻ ነው የሚሠራው። በክፍያ ሰው የሚያፈናጥጥም እንዲሁ ይናገር። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ተካቷል ወይ የሚለውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይመለስ፤ እኛ ዘንድ ከኋላ የምትቀመጠው እናት፣ ሚስት፣ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ናት።

ስለ ገንዘቡ አመራረጥ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የግል አደጋ መድን በውስጡ አራት ዓይነት ክፍያ ሊኖረው ይችላል፦ ለሞት፣ ለዘላቂ አካል ጉዳት፣ ለጊዜው ከሥራ መስተጓጎል በየሳምንቱ፣ እና ለሕክምና ወጪ። የሁሉም መጠን የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ ውል ውስጥ ጭራሽ የሌለም አለ። ሻጭ የሚጠራላችሁ ትልቁን ቁጥር ነው፤ እሱም የሞቱ ነው። "300 ሺህ ብር ይሸፍናል" ይላችኋል።

እኔ በወረቀት እንዲህ አሰላሁት። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንደኛው ውል ለሞት 300 ሺህ፣ ለሕክምና 5 ሺህ ይከፍላል፤ ሳምንታዊ ክፍያ የለውም። ሁለተኛው ለሞት 150 ሺህ፣ ለሕክምና እስከ 30 ሺህ፣ ሥራ ለፈታበት ሳምንት 2,000 ብር ይከፍላል። አሁን ሰውየው ቅልጥሙ ተሰበረ እንበል። ሞተረኛ ላይ የተለመደ ጉዳት ነው። የቅልጥም አጥንት ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ስድስት ወር 26 ሳምንት ነው። እግሩ በደንብ ገጠመ፣ ዘላቂ ጉዳት የለም። አንደኛው ውል የሚሰጠው 5 ሺህ ብር ብቻ ነው። ሁለተኛው በሳምንታዊ ክፍያ 52 ሺህ ብር፣ በሕክምና ደግሞ እስከ 30 ሺህ ይሰጣል። በትልቁ ቁጥር ተስቦ የመጀመሪያውን የገዛ ሰው ቤቱ ምን እንደሚበላ አስቡት።

ስለዚህ የኔ ምክር ከታች ወደ ላይ ምረጡ ነው። መጀመሪያ ሳምንታዊው ክፍያ። በሳምንት የተጣራ ምን ያህል ትገባላችሁ? ከዚያ ቢያንስ የቤት ኪራዩንና አስቤዛውን የሚሸፍን ያህል ጠይቁ። ስንት ሳምንት ድረስ እንደሚከፈል ጠይቁ፤ እስከ 52 ሳምንት የሚሄድ አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቆርጦ የሚጀምርም አለ። ቀጥሎ ሕክምናው። ብረት የሚገባበት ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ኋላ ብረቱ የሚወጣበት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይከተለዋል፤ ጣሪያው ሁለቱንም ይችላል ወይ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ቢባል መጓጓዣው አለበት ወይ? ከዚያ ዘላቂ አካል ጉዳት። ይህ የሚከፈለው በመቶኛ ነው። ሁለት እግር ወይም ሁለት ዓይን ያጣ ሙሉውን ያገኛል፤ ሌላው በሐኪሞች ቦርድ ማስረጃና በውሉ ሠንጠረዥ ይሰላል። ቦርዱ 20 በመቶ ካለና የተገባው 200 ሺህ ከሆነ 40 ሺህ ብር ማለት ነው። የሞቱ ቁጥር በመጨረሻ ይምጣ። አረቦኑ ከአቅም በላይ ሲሆን የምቀንሰው እሱን ነው።

ወንድሜ ይህን ሳሳየው "አብሽሪ እታለም፣ ለሞቱማ ቅሬው አለ" አለኝ። ቅሬያችንን የማያውቅ የውጭ ሰው ካለ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ሰው በቅሬው ነው የሚቀበረው። ድንኳኑ፣ ቡናው፣ ሰዉ፣ ሁሉም ይደርሳል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ የማልለው ቅሬ የለም። ነገር ግን ቅሬ የተሠራው ለሞት ነው። ለተሰበረ እግር ጎረቤት ቋጥሮ ይመጣል፣ ወዳጅ ያዋጣል። የመጀመሪያው ወር ላይ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። አራተኛው ወር ላይ የሚመጣ የለም፤ ሰዉ ጨክኖ አይደለም፣ የየራሱ ኑሮ አለበት። አራተኛው ወር ላይ የሚደርሰው ያ ሳምንታዊ ክፍያ ነው።

"ኢንሹራንስ ወለድ አለበት" ብለው የሚርቁ ወዳጆች አሉኝ፤ አቋማቸውን አከብራለሁ። ለነሱ ታካፉል አለ። አባላት በመረዳዳት ስሜት የሚያዋጡት ገንዘብ በአንድ ቋት ይቀመጣል፤ ለተጎዳው ከቋቱ ይከፈላል፤ ገንዘቡም ወለድ ባለበት ሥራ ላይ አይውልም። ብሔራዊ ባንክ ከፈቀደ ወዲህ ይህን በመስኮት፣ ማለትም ለብቻው በተለየ ክፍል፣ የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ። ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው። ሞተር ተካቷል ወይ? ሳምንታዊ ክፍያ አለው ወይ? ታካፉል መሆኑ የማይሸፈኑትን ዝርዝር አያጠፋም።

አሁን ልቤን ወደሚያመው ነገር ልምጣ። ሰው ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወለም ያለውን ቁርጭምጭሚት እያሹ ያቆሙ ወጌሾች አሉ፤ እኔም አይቻለሁ። ስብራት ግን ሌላ ነው። በሰፈራችን አንድ ልጅ ከሞተር ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። በሁለተኛው ቀን ጣቶቹ አብጠው ነበር። ጥፍሮቹ ወይን ጠጅ መስለዋል። እናቱ ትንሿን ጣት ስትቆነጥጠው "አይሰማኝም" አለ። ወጌሻው ሕመሙ ስለቀነሰ እየዳነ ነው አሉ። ሕመሙ የቀነሰው ደም ስለተቋረጠ ነበር። አንድ ነርስ ጎረቤት ደርሳ እስሩን ፈታችና ሆስፒታል ወሰዱት። ጣቶቹ ተርፈዋል። ያልተረፈላቸው ብዙ አሉ፤ በጥብቅ እስር ምክንያት እግርና እጅ መቆረጥ የአገራችን አጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁበት ጉዳይ ነው። የታሰረ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ሰዓት አትጠብቁ። ፍቱትና ሆስፒታል ውሰዱት።

ይህን ከኢንሹራንስ ጋር ምን አገናኘው? ሰዉ ወጌሻ ቤት የሚሄደው ሐኪም ንቆ ብቻ አይደለም። ደሴ ሪፈራል ሄዶ ራጅ፣ ብረት፣ አልጋ ሲባል ከየት ያመጣል? ገንዘቡ እንደሚመለስለት የሚያውቅ ሰው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ሌላም አለ። ወጌሻ ደረሰኝ የለውም። የሕክምና ወጪ የሚተካው በደረሰኝ ነው፤ ሳምንታዊ ክፍያ የሚሰጠው ሐኪም "ይህን ያህል ጊዜ ሥራ አይሠራም" ብሎ ሲጽፍ ነው፤ ዘላቂ ጉዳት የሚከፈለው በቦርድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወጌሻ ቤት ያሳለፈ ሰው ገንዘቡንም ማስረጃውንም ያጣል። አጥንቱም ጠሞ ሊገጥም ይችላል።

አንዳንድ ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። መንጃ ፈቃዱ ለሞተር ሳይክል የተሰጠና ያልተቃጠለ መሆን አለበት፤ የመኪና ፈቃድ ይዞ ሞተር የሚነዳ ሰው አደጋ ሲደርስበት ኩባንያው መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ጠጥቶ መንዳት በግል አደጋ ውሎች ውስጥ በአብዛኛው አይሸፈንም። ጦርነትና ሁከትም በመደበኛው ውል የሉም፤ 2014 ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን ያየን ሰዎች ይህን አንቀጽ ዘለን ማለፍ የለብንም፤ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ሽፋን እንዳለ ጠይቁ። ሄልሜት ላይ አልከራከርም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ግን ክርንን ብቻ ነው የሚያድነው። የተፈናጠጠውም ይልበስ።

ተጠቃሚውን በስም አስጽፉ። ወንድሜ ያስጻፈው እማዬን ነው። ስም ካልተጻፈ ገንዘቡ ወደ ውርስ ይገባል፤ ቤተሰብ በሐዘን ላይ እያለ የወራሽነት ማስረጃ ፍለጋ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ትዳር ስትመሠርቱ፣ ልጅ ስትወልዱ ስሙን ማስቀየር ይቻላል፤ ወረቀት ብቻ ነው።

አደጋ የደረሰ ቀን ምን ይደረጋል? ሰውየው ይታከም፤ ይህ ይቅደም። ትራፊክ ይጠራ፤ ፕላን፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ይነሳ። ብቻውን የወደቀ ሰውም ያስመዝግብ፤ "የገጨኝ የለም፣ ምን አስመዘግባለሁ" አይባልም። ከዚያ ለኩባንያው ማሳወቅ። የንግድ ሕጉ የሚሰጠው 5 ቀን ነው። ተጎጂው ራሱ መሄድ አይጠበቅበትም፤ እህት ትሂድ፣ ጓደኛ ይሂድ፣ ደብዳቤ ይግባና ቅጂው ላይ የደረሰበት ቀን ተጽፎ ማህተም ይደረግበት። የመጀመሪያውን የሕክምና ካርድ፣ የራጅ ፊልሙን፣ የእያንዳንዷን መድኃኒት ደረሰኝ አስቀምጡ። በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የፋርማሲ ደረሰኝ ቀለሙ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ክፍያው ከዘገየ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል። "ነገ ና" እየተባለ ሁለት ዓመት ማለፍ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን።

ዋጋው ያሳስባል፤ አውቃለሁ። ነዳጁ፣ ጎማው፣ ሰንሰለቱ እያለ ለማይታይ ነገር መክፈል ከባድ ነው። የሞተር ጭማሪው ሲታከልበት የግል አደጋው አረቦን ለአንድ ሰው ይከብዳል። ለዚህ የተሻለው መንገድ የቡድን ውል ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ውል፣ የስም ዝርዝር፣ ለሁሉም እኩል ሽፋን። ቡድን ሲሆን በነፍስ ወከፍ ይቀንሳል፤ ስለ ሞተሩ አንቀጽም ለመደራደር አቅም ይኖራል። አንድ ሰው ሲጠይቅ "ፖሊሲው እንዲህ ነው" ይባላል። ማኅበር ሆኖ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ኩባንያዎቹም ያስቡበት። በየቀኑ ለሚያገኝ ሰው የዓመት አረቦን በአንድ ቀን አምጣ ማለት ይከብደዋል፤ በወር በወር በስልክ ባንክ ቢከፈል እዚህ አገር ስንት ሞተረኛ ይገባ ነበር።

ወንድሜና ፒያሳ አብረውት የሚቆሙት ልጆች ይህን ጀምረዋል። ስም ሰብስበዋል፤ ሳምንታዊ ክፍያው ላይም ተስማምተዋል። ያናገርነው ኩባንያ የማኅበር ምዝገባ ወረቀትና የእያንዳንዱን መንጃ ፈቃድ ኮፒ ጠይቋል። የሁለት ልጆች ፈቃድ ጊዜው አልፎ ስለተገኘ አሁን እድሳቱን እየጠበቅን ነው።